የሸክላው ዘመን መዝናኛችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ወጣትነት ዘመናችን መዝናኛ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ጥቂት ማመንታቴን መደበቅ አልፈልግም። ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ ወጣትነቱ እንዲናገር መድረክ ከተሰጠው መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው ዕድሜያችንን መጻሕፍትና መዛግብት በመመዝገብ፣ በመለየትና በመጠበቅ ያሳለፍን ሰዎች ስለሆንን፣ ስለ ዘፈንና ስለ ሲኒማ ማውራት ከሙያችን የራቀ ጨዋታ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ነገሩን ሳብሰለስለው ግን ከሙያችን አንድ ስንዝር እንኳ እንደማይርቅ ተረዳሁ። ምክንያቱን በስተመጨረሻ እመለስበታለሁ፤ የማያኮራኝ ታሪክ ስላለበት ቢዘገይ ደስ ይለኛል።

የኔ ትውልድ ስል፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ውስጥ የተወለድነውን ማለቴ ነው። ፈረንጆች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተወለደውን የራሳቸውን ትውልድ በብዛቱ ሰይመውታል። እኛ ግን ስም የወጣልን በብዛታችን ሳይሆን በደረሰብን ነገር ነው፤ «ያ ትውልድ» እየተባልን እንጠራለን። ስለ ያ ትውልድ ሲጻፍ ስለ ሰልፍ፣ ስለ ጥይትና ስለ እስር ይጻፋል። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ያ ትውልድ ዳንስም ያውቅ ነበር።

በልጅነታችን መዝናኛ የሚባለው ነገር ወደ ቤታችን የገባው በሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው የእንጨት ሣጥን ሆኖ ዳንቴል ይለብስ ነበር፤ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የባለቤቱ የሠርግ ፎቶግራፍ ይቀመጥበታል። በሰፈራችን ይህን ሣጥን የያዙት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ዜና ከማለቁ በፊት ደጃፋቸው ላይ ተኮልኩለን ዘፈን እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። የቤቱ እመቤት ቀና ከሆኑ መስኮቱን ይከፍቱልናል። ካልሆኑ ደግሞ በግድግዳው እንሰማለን፤ የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልምና።

በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚዘፍነው ሰው ማን እንደሆነ ስናድግ ስናውቅ አንድ ነገር ገረመን። አብዛኞቹ ዘፋኞች ወታደሮች ወይም የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ልጆች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ምድር ጦርና ማዘጋጃ ቤቱም ጭምር የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። መለከቱንና ሳክስፎኑን ለሰልፍ ያስመጣው መንግሥት ነው፤ አስተማሪዎችንም የቀጠረው እርሱ ነው። ከእነርሱም መካከል በኢትዮጵያ የኖሩት አርመናዊው ነርሲስ ናልባንድያን የአገራችንን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ በማዘጋጀት ብዙ ደክመዋል። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላውንና ፉከራውን፣ የጦር ሜዳውን ድምፅ፣ በሳክስፎን ሲነፋው በቀረርቶ ያደጉት አባቶቻችን ሳይቀሩ ከወንበራቸው ይነሡ ነበር።

የመንግሥት ጥበብ የመንግሥትን ዕጣ ይካፈላል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው፣ ከታሰሩት መካከል ጥላሁን ገሠሠም ነበረበት። እኛ ልጆች ነበርንና ዘፋኝ ለምን እንደሚታሰር አልገባንም። አሁንም ቢሆን በሚገባ ገብቶኛል ለማለት አልደፍርም።

ስለ ሲኒማ ብዙ አልናገርም፤ ሌላ ንግግር የሚጠይቅ ነገር ነውና። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ ወደ ታች ደግሞ አምባሳደር ነበሩልን። ካውቦይ ለወንዶች፣ የሕንድ ፊልም ለሁሉም ነበር። ቋንቋውን አንዲት ቃል ሳያውቁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያለቅሱ እናቶችን አይቻለሁ። ሲወጡም ታሪኩን ለጎረቤት አንድ ሳያጓድሉ ይተርኩታል።

ወጣትነታችንን በእውነት የገዛው ግን ሸክላ ነው። ለወጣት ባልደረቦቼ ባጭሩ ላስረዳ። ሸክላ ስንል የጀበናውን ሳይሆን ዘፈን የተቀረጸበትን ጥቁር ክብ ሰሌዳ ነው። በጣም የተለመደው ዓይነት ስፋቱ ሰባት ኢንች ሆኖ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ነበር። በአንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ረዘም ያለ ዘፈን መኻል ላይ ይቆረጥና ሸክላው ተገልብጦ ይቀጥላል። በዚያች በመገልበጫዋ ጊዜ ዳንስ ላይ የነበሩ ጥንዶች ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም ነበር። ያረጀ ሸክላ መርፌውን ሲያዘልለው ደግሞ የአምስት ሳንቲም ፍራንክ በክንዱ ላይ እናስቀምጥበታለን። ይህ መፍትሔ ሸክላውን ይበልጥ እንደሚያርሰው ያወቅሁት በሙያዬ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሸክላ በአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። ነገር ግን በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ሌላ ሰው በዚህ ሥራ እጁን ማስገባት አይችልም ነበር። ውጤቱም፣ ሰው በሬዲዮና በመድረክ የሚሰማውን አዲስ ዘፈን ገዝቶ ቤቱ ሊወስደው አለመቻሉ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረና ሐራምቤ የተሰኘ የሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ይህን መብት ችላ ብሎ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ። በአገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። ሰሌዳው ታትሞ ሲመጣ ከተማው ተሻማበት፤ የሚከለክለውም አልተገኘም። አምሃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቆችን አወጣ። ሌሎችም፣ ካይፋና ፊሊፕስን የመሳሰሉት፣ ገቡበት። ያን ዘመን ያጠኑ ሰዎች በአሥር ዓመት ውስጥ የወጣው ትንሹ ሸክላ ወደ 500 ይጠጋል ይላሉ።

አምስት መቶ ስትሉት ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል። ለእኛ ግን ዓለም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው ሲለቁት ፒያሳ አንድ ትልቅ ሳሎን ይሆን ነበር። ሸክላ መግዛት ለተማሪ የማይታሰብ ስለሆነ፣ አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ከአንዱ ደጃፍ ቆመን ቀጣዩን ደግሞ ከሚቀጥለው እንሰማለን። ነጋዴው ያባርረናል ብለን ስንሰጋ አንድም ቀን አላባረረንም፤ ሕዝብ የቆመበት ሱቅ ሕዝብ እንደሚስብ ያውቅ ነበርና። ግጥሙን በደብተር የሚገለብጥ ጓደኛ ነበረን። አንዱን ስንኝ ከሰማ ሁለተኛውን ለመያዝ ዘፈኑ እስኪደገም ይጠብቃል፤ አንድ ዘፈን ለመጨረስ ሦስት ቅዳሜ ይፈጅበታል። ያ ደብተር በኔ ዘመን ካየኋቸው የመዛግብት ሥራዎች ሁሉ በትጋቱ የሚበልጠው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን ሁሉ ስናገር ወርቃማ ዘመን ነበር ብዬ እንዳበቃ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። «ወርቃማው ዘመን» የሚለው አጠራር ዛሬ በየሸክላው ቅጂ ሽፋን ላይ ስለሚታይ እኛም አምነነዋል። እኔ ግን ይህን ቃል ሳልሰቀቅ ልናገረው አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜም ቢሆን መዝናኛችን ያለ ጠብ አልኖረም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች «ድሃ ሕዝብ ባለበት አገር ሚኒ ስከርት ምን ይሠራል» ብለው ተቃውመው ትርኢቱ በእንቁላልና በጥፊ ተበተነ። እኔ በዚያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ነበርኩ። ጠዋት ከተቃዋሚው ጋር እጮህ፣ ማታ ከሚደንሰው ጋር እደንስ ነበር። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነበርን፤ ዛሬ የሚያምን የለም እንጂ።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. ታላቁ የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተሸለመ። እኔ አዳራሹ ውስጥ ለመግባት አቅሙ አልነበረኝም። የገቡት ግን ለወራት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የኛ ሙላቱ አስታጥቄ ከእንደዚህ ያለ ሰው ጎን መቆሙ ብቻ ለኛ ኩራት ነበር። በዚያው ወር፣ በዚያው ዓመት፣ የወሎ ሕዝብ ያልቅ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆም። የሙዚቃችን አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ባቲ የወሎ የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰልም የወሎ ተራራና አገር ነው። በሸክላ የተቀረጹልንን ዘፈኖች ሳክስፎኑንና ጊታሩን አንሥታችሁ ብትሰሟቸው ብዙዎቹ ከሥር ባቲ ናቸው፤ አምባሰል ናቸው። እኛ በቅዳሜ ምሽት በባቲ ስንደንስ የባቲ ሰው በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። በአምባሰል ስንተክዝ የአምባሰል ሰው ከነልጆቹ እህል ፍለጋ ይሰደድ ነበር። እስከ አዲስ አበባ ሊዘልቁ የሞከሩትም ከመንገድ እንዲመለሱ ተደርጓል። የሚገርመው ነገር፣ እነዚህን ሁለት ስሞች በየቀኑ እየጠራን አገር መሆናቸውን አለማሰባችን ነው። ለኛ የዜማ ስሞች ብቻ ነበሩ።

ያሰብነው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ነው። በከተማችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባለ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት እንደ ድሮው ባለ ሬዲዮ ጎረቤት የሰፈር አዳራሽ ሆኖ ነበር። የዘመን መለወጫ ምሽት ስለነበረ እኛም እንደ ልማዳችን የበዓል ዘፈን ልናይ ተሰብስበናል። የወጣው ግን የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ነው፤ በረሃብተኞቹ ሥዕል መኻል የቤተ መንግሥቱ ግብዣ እየተሰካካበት። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ፊልሙን ያሳየው ለራሱ ዓላማ እንደሆነ ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ያ ዓላማ የሥዕሉን እውነትነት አልሰረዘውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሃያ ያህል ሰዎች አንድም የተናገረ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ለበዓሉ የተጠመቀውን ጠላ ሊቀዱ ተነሥተው፣ ማሰሮውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ለማንም ሳይቀዱ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስረዝመውም። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ምሽቱም ከኛ ተወሰደ። ምሽት የሌለው ከተማ ኦርኬስትራ አይመግብም። ሙዚቀኛው ከእላፊው በፊት ቤቱ መግባት አለበት፤ አለዚያም ከእንግዳው ጋር በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ መጫወት ነው። በሸክላው ደጃፍ አብረውኝ ከቆሙት ልጆች መካከል ቀይ ሽብር የበላቸው አሉ፤ በስደት የተበተኑም አሉ። ግጥም የሚገለብጠው ጓደኛችን ከመጀመሪያዎቹ ነበር። ደብተሩን እናቱ በፍተሻ ፍርሃት ከሌሎች ጽሑፎቹ ጋር አቃጠሉት። የዘፈን ደብተር ነው ብሎ ለማስረዳት ጊዜ የሚሰጥ ዘመን አልነበረም። አምሃም በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የመጨረሻዎቹ ሸክላዎች ወጥተው ካሴት ቦታውን ያዘ፤ ካሴት ርካሽ ነው፣ በየቤቱ ይቀዳል፣ ግን ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል።

አሁን ወደ ቀጠሮዬ ልመለስ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት የመጋዘን ማጣራት ተደረገ። ከአንድ መስኮት ሥር በካርቶን ተደርድሮ፣ ለዓመታት የከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው የኖረ ሸክላ ተገኘ፤ ሠላሳ ሰባት ነበር። ጥቂቶቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተጣመዋል፤ የቀሩት ደኅና ነበሩ። የማስወገጃ ቅጹ «መጽሐፍ ያልሆነ፣ አገልግሎት የማይሰጥ» የሚል አምድ ነበረው። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አለቃዬ ቢጠየቁ ምናልባት «ተዋቸው» ይሉኝ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። ከደኅናዎቹ መካከል በሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ የሰማኋቸው ዘፈኖች ነበሩባቸው። መጽሐፍ ቢሆኑ ኖሮ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘፈን ስለሆኑ ግን፣ የተማረ ሰው ለዘፈን አይጨነቅም በሚለው ንቀት፣ አልተንቀጠቀጠም።

ሥራው በሌላ ሰው እጅ ተሠራ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ተማርኮ፣ በ1978 ዓ.ም. ያ ሸክላ በአውሮፓ እንደገና እንዲታተም አደረገ። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ርእስ የዚያን ዘመን ሥራዎች ለዓለም አወጣ። በየአገሩ ያለው ሰው ዛሬ ሙላቱንና ጌታቸውን የሚያውቀው በዚህ መንገድ ነው። ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ቅሬታም ካለኝ በራሴ ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 179 በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ የሸክላው ዘመን ካበቃ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. አረፈ፤ ጌታቸው በ2008 ዓ.ም.፤ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ፣ አስቀራጩና መጀመሪያ የተቀረጸለት፣ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ተከታትለው ሄዱ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ሸክላ በየቤታችሁ ወይም በየመሥሪያ ቤታችሁ ካለ እንደ መጽሐፍ አቁሙት እንጂ እርስ በርሱ አትደራርቡት፤ ከመስኮትም አርቁት። በላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ደግሞ አንብቡ። የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ታገኛላችሁ፤ የኦርኬስትራውንም ስም ታገኙ ይሆናል። በብዙዎቹ ላይ የማታገኙት ግን ሳክስፎኑን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው፣ ዜማውን ያቀናበረው ማን እንደሆነ ነው። አንድ ሥራ ያለ ደራሲ ሲመዘገብ ስንት ጊዜ እንደተከራከርን ታስታውሳላችሁ፤ እነዚህ ሁሉ በዚያ መልክ የተቀመጡ ናቸው። ስሙን የሚያውቀው ሰው ምናልባት ከናንተ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ በጡረታ ላይ ይገኛል።

እኔ ባለፈው ዓመት ከእንደዚህ ካሉት አንዱን፣ የቀድሞ የኦርኬስትራ ሰው፣ አንድ ስም የለሽ ቅጂ ይዤ ሄጄ ነበር። ጆሯቸው ደክሟል፤ ድምፁን ከፍ አድርገን ከፈትንላቸው። መግቢያው ላይ ምንም አላሉም። ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ጣታቸው በጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረና «ይኸማ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያም ጊታሩን፣ ቤዙንና ከበሮውን የተጫወቱትን አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠሩ አስጻፉኝ። የቀረው ትራምፔት የነፋው ብቻ ነበር። «ፊቱ ይታየኛል፣ ስሙ ጠፋኝ፤ እስቲ ነገ ደውልልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ሰባ ዓመት ያለፈኝን ሰው ልጄ ሲሉኝ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ደወልኩ። አስታውሰውት ነበር።